ከባዮስ ማሻሻያ በኋላ የጠፋው ራም

ዴስክቶፑ ማታ ሲዘጋ ደህና ነበር። ጠዋት ሲከፈት “ፈርምዌር እየተሻሻለ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ” የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ራሱን በራሱ አጥፍቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች “ዲስፕሌይ አልሰጥ አለ” ይባልና ሁለት ፍርዶች ይከተላሉ፤ አንዱ “ፎርማት ይደረግ”፣ ሌላው “ራሙ ተቃጥሏል”። የመጀመሪያው ፈጽሞ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ ገና ሃርድ ዲስኩ ጋ አልደረሰምና። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና ራም ያስጥላል።

ይህ ችግር አሁን የሚበረታበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር የባዮስን ቅንብር መቀየር፣ አንዳንዴም ባዮሱን ራሱን ማደስ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ሲነሳ የሚረጋገጥባቸው እ.ኤ.አ. የ2011 ዲጂታል የምስክር ወረቀቶችም ከሰኔ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጊዜያቸው ስለሚያልፍ አምራቾች አዳዲስ ፈርምዌር እየላኩ ነው። እንደ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ባሉ ማሽኖች ላይ ማሻሻያው ባለቤቱ ሳይጠይቅ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ሊመጣ ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ሳይገናኝ የከረመ ማሽን መስመር ባገኘ ቀን የተጠራቀመው ማሻሻያ ሁሉ ባንዴ ይወርድበታል።

ራም መረጃ የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ማከማቻዎች ውስጥ ነው። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1966 ያፈለቀው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው። በእያንዳንዱ ማከማቻ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ስለሚያልቅ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አብዛኛውን ጊዜ በየ64 ሚሊሰከንዱ እያነበበ መልሶ ይሞላቸዋል። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ባዮስ፣ ማለትም ማዘርቦርዱን የሚያነቃው ፈርምዌር፣ የሚቀመጠው ግን መብራት ቢጠፋም በማይረሳ ሌላ ቺፕ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሙ ገና አገልግሎት አይሰጥም። ፕሮሰሰሩ በራሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማከማቻ ለጊዜው እየተጠቀመ የባዮሱን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ሥራዎች አንዱም ራሙን መቀስቀስ ነው።

መቀስቀሱ ቀላል ሥራ አይደለም። ባዮሱ በራሙ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቺፕ አንብቦ ፍጥነቱንና የሚፈልገውን ቮልቴጅ ያውቃል፤ ዲዲአር 3 በመደበኛነት 1.5፣ ዲዲአር 4 1.2፣ ዲዲአር 5 ደግሞ 1.1 ቮልት ነው። ቀጥሎ ልኬቱ ይመጣል። 3200 ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር 4 በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ መረጃ ያስተላልፋል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ባለችው ቅጽበት ምልክቱ በማዘርቦርዱ ላይ የሚጓዘው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሽቦ ከሌላው በትንሹ መርዘም፣ የሙቀት ለውጥ፣ የሶኬቱ አቧራ ሁሉ ልዩነት ያመጣል። ማኅሌት ላይ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ባንድ ምት ካልወረዱ ዝማሬው እንደሚፋለስ ሁሉ፣ መረጃውና ምቱን የሚሰጠው ምልክት ካልተገናኙ ራሙ የተሳሳተ ነገር ይመልሳል። ባዮሱ እያንዳንዱን መስመር ትንሽ እያዘገየና እያፈጠነ ይሞክርና የተስማማውን ልክ መዝግቦ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ቀን ኮምፒውተሩ ቶሎ የሚነሳው የተመዘገበውን ስለሚጠቀም ነው።

ባዮሱ ሲታደስ ያ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል፤ ልኬቱም እንደገና ይጀመራል። በአዳዲሶቹ የዲዲአር 5 ማሽኖች ይህ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሶኬቱን ሲነቅል የተጀመረውን ሥራ ግማሽ ላይ ይቆርጠዋል፤ ሲሰካው ልኬቱ ከዜሮ ይነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥገና መታገሥ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይነኩ።

አዲሱ ባዮስ ራምን የሚያይበት መንገድም ሊለወጥ ይችላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ ብዙ ራሞች በተጻፈላቸው ፍጥነት አልሠራ ብለው ነበር፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ያስተዋወቀው ፈርምዌር 26 አዳዲስ የራም ማስተካከያዎችን ጨመረ። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለደኅንነት ሲል ባወጣው ፈርምዌር ራሙ ቶሎ ቶሎ እንዲሞላ አድርጓል። በሌላ አነጋገር ማሻሻያ የራሙን አሠራር እስከ ምቱ ድረስ ይነካል።

በእኛ አገር ይህ ጎልቶ የሚታየው ራም በተደባለቀባቸው ማሽኖች ላይ ነው። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ ዴል ወይም ኤችፒ ከአንዱ ኩባንያ 4 ጊጋ ይዞ ይመጣል፤ በኋላ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ሌላ 4 ጊጋ ይጨመርለታል። አሮጌው ባዮስ ሁለቱን እንደምንም አስማምቶ ይዟቸው ይሆናል፤ አዲሱ ግን ላይቀበላቸው ይችላል። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ይነሳና 8 ጊጋ የነበረው 4 ብቻ ያሳያል።

ከጠበቁ በኋላም ካልተነሳ ማሽኑ ራሱ የሚናገረውን ማየት ነው። ቆየት ያሉ ኤችፒዎች ራም ሲያስቸግራቸው 5 ጊዜ ቀይ እያበሩ 5 ጊዜ ይጮሃሉ፤ አዳዲሶቹ 3 ጊዜ ቀይ፣ ቀጥሎ 2 ጊዜ ነጭ ያበራሉ። በቅርብ ዓመታት በወጣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ 2 ጊዜ ብርቱካናማ ተከትሎ 3 ጊዜ ነጭ ከበራ ራም አላገኘሁም ማለት ነው፤ ነጩ 4 ከሆነ ራሙ አልሠራም ማለት ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ተጭነው ጥቂት ሰከንድ በመያዝ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስጨርሱ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 ክብ ባትሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል አውጥቶ መመለስ ባዮሱን በብዙ ማሽኖች ላይ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰዋል። ብዙ ዓመት የሠራች ባትሪ ከሆነች ባንዴ በአዲስ መለወጥ ይሻላል፤ የደከመች ባትሪ ቅንብሩን መብራት በጠፋ ቁጥር ታስረሳዋለች።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበት ፍተሻ ወጪ የሌለው ነው፤ ራሞቹን በሙሉ አውጥቶ ማብራት። ኮምፒውተሩ ከጮኸ ወይም ከላይ የተጠቀሱትን መብራቶች ካሳየ ፕሮሰሰሩም ባዮሱም በሕይወት አሉ፤ ጥፋቱ ከራሙ፣ ከሶኬቱ ወይም ከቅንብሩ ነው። ስፒከር ኖሮት ያለ ራም ጭራሽ ዝም ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ባዮሱ ይዞራል፤ በማሻሻሉ መሃል መብራት ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። አዲስ ራም መግዛት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ኤችፒ ላይ የዊንዶውስንና የቢ ቁልፍን፣ ዴል ላይ የኮንትሮልንና የኢስኬፕን ቁልፍ ተጭኖ ማብራት ብዙ ሞዴሎችን ወደ ማገገሚያ ያስገባቸዋል። ካልሆነ የባዮሱን ቺፕ በመጻፊያ መሣሪያ እንደገና የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ባዮሱ ሕያው ከሆነ ራሞቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሁልጊዜ ገመዱ ተነቅሎ፣ አስቀድሞ የኬዙን ብረት ነክቶ መሆን አለበት፤ በበጋው ደረቅ አየር ከእጅ የሚወጣ የማይታይ ብልጭታ ቺፕ ይገድላል። ወርቃማ ጥርሶቹን ንጹሕ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። በላጲስ መፈግፈግ የተለመደ ቢሆንም ብናኙ ሶኬት ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ለየብቻ ሠርተው አብረው እምቢ ካሉ አልሞቱም፣ አልተስማሙም፤ ባዮሱ የሚፈቅድ ከሆነ ፍጥነቱን ከ3200 ወደ 2666 ወይም ወደ 2133 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስታርቃቸዋል። ኤክስኤምፒ የሚባለው የፍጥነት ቅንብር በርቶ ከሆነም ያጥፉት።

ከተነሳ በኋላ ሜምቴስት 86 ፕላስ የተባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማስፈተሽ ጥሩ ነው። ስህተቱ በተመሳሳይ አድራሻ ደጋግሞ ከወጣ ራሙ በእርግጥ ተበላሽቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ያለ ስህተት ግን ከሰማይ የመጣም ሊሆን ይችላል። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየሩን ሲመቱ የሚፈጠሩ ኒውትሮኖች በራም ውስጥ ያለን መረጃ ይገለብጣሉ፤ ብዛታቸውም በከፍታ ይጨምራል። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900፣ ቡሬም ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የመሬት መግነጢስ ግን ከጨረሩ ብዙውን ይመልስልናል። ደግሞም የጉግል ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በሰርቨሮቻቸው ውስጥ በየዓመቱ ከራሞቹ 8 ከመቶ ያህሉ ስህተት እንደሚያሳዩ አግኝቶ፣ አብዛኛው ከጨረር ይልቅ ከራሙ ከራሱ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን አመልክቷል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባዮስ የሚታደሰው ዩፒኤስ ካለ ብቻ ነው፤ ዩፒኤሱም ኮምፒውተሩን ለሩብ ሰዓት የሚያቆይ ይሁን። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የበራበት ማሽን ከሆነ አስቀድመው ለጊዜው ያቁሙት፤ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁልፍም ጽፈው ይያዙ። አለዚያ ራሙ ድኖ ፋይሉ ሊቆለፍ ይችላል።

መግዛት ግድ ከሆነም አሮጌውን ራም ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። ዲዲአር 3 240፣ ዲዲአር 4ም ዲዲአር 5ም 288 ጥርስ አላቸው፤ የመሃል ስንጥቃቸው ቦታ ግን በሦስቱም ይለያያል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አነባብረው ስንጥቁ መግጠሙን፣ በመለያው ላይ የተጻፈው ቮልቴጅና ፍጥነትም አንድ መሆኑን ካዩ በኋላ ይክፈሉ።