አንድ ዶላር ከአንድ ዶላር በላይ የሚያወጣው መቼ ነው?

በአሮጌ የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ላይ ያሉ ጥቃቅን የህትመት ልዩነቶች፣ ዋጋቸውና የማጭበርበሪያ መንገዶቻቸው

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሰጠው፣ ከጉዞ የተረፈ ወይም ለክፉ ቀን ተብሎ ከሣጥን ሥር የተቀመጠ ዶላር በብዙ ቤት ይገኛል። ልጆቻችን ደግሞ በስልካቸው ላይ «ኮከብ ያለበት ዶላር በሺህ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ያያሉ። በሁለቱም በኩል ገንዘብ ሊጠፋ ይችላል። አንዱ ብዙ የሚያወጣ ወረቀት ይዞ ሳያውቅ በላዩ በተጻፈው ዋጋ ይመነዝረዋል። ሌላው ደግሞ የትም የሚገኝ ዶላር «ብርቅ ነው» ተብሎ በእጥፍ እጥፍ ይገዛል። ስለዚህ የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ሰብሳቢዎች ምን እንደሚፈልጉ፣ ለምን እንደሚፈልጉትና እንዴት እንደሚለዩት ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት

እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው የወረቀት ገንዘብ ሁሉ ዛሬም በላዩ በተጻፈው ዋጋ ይሠራል። እንደ ብዙ አገሮች «ከዚህ ቀን በኋላ አይሠራም» ተብሎ አልተሻረም። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ አሮጌ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ልውሰድልህ» ቢላችሁ አትስማሙ። አንዳንድ ገንዘብ መንዛሪ አሮጌ ኖት አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ያ የእርሱ ምርጫ ነው እንጂ ዶላሩ ሞቷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ኖቱ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት የታተመበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ያ ዓመት «ተከታታይ» የሚባለውን የህትመት ዙር ያመለክታል። ለምሳሌ 1935 የሚል የተጻፈባቸው ባለ 1 ዶላር ኖቶች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሲታተሙ ኖረዋል። በየጊዜው ፈራሚው ባለሥልጣን ሲለወጥ ወይም ትንሽ ማሻሻያ ሲደረግ ከዓመቱ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ፊደል ይጨምሩበታል። «1935 ስለሚል ዘጠና ዓመት አልፎታል» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይናገራል።

የማኅተሙ ቀለም ምን ይነግረናል?

ከ1929 በፊት የወጡት ኖቶች በመጠናቸው ይታወቃሉ፤ ርዝመታቸው 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ አሁኑ መጠን፣ ማለትም ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ ተደረጉ። ትልልቆቹ እጃችሁ ላይ ካሉ ሳታሳዩ እንዳትመነዝሩ።

በትንንሾቹ ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው የማኅተሙ ቀለም ነው። አረንጓዴ ማኅተም ዛሬም የምንጠቀምበት የፌዴራል ሪዘርቭ ኖት ነው። ቀይ ማኅተም የአሜሪካ መንግሥት በቀጥታ ያወጣው ኖት ነው። ሰማያዊ ማኅተም ያለበት ደግሞ «ሲልቨር ሰርቲፊኬት» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ለሽማግሌዎቻችን ለመረዳት አይከብድም። በአገር ቤት ጠገራ ብር ገንዘብ በነበረበት ዘመን ብር የብረቱም የገንዘቡም ስም ነበር። የአሜሪካው ወረቀትም በምትኩ እውነተኛ ብር የሚሰጥበት የአደራ ደረሰኝ ነበር። ያዡ ወረቀቱን ሰጥቶ ብረቱን መቀበል ይችል ነበር። ይህ መብት በሰኔ 1968 ዓ.ም. ቆመ። ዛሬ ኖቱ የሚያወጣው በላዩ የተጻፈውን ዶላርና ሰብሳቢ የሚጨምርበትን ብቻ ነው።

ጦርነት ያመጣቸው ሁለት ዓይነቶች

ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ፐርል ሐርበርን ከደበደበች በኋላ፣ አሜሪካኖች አንድ ነገር አሳሰባቸው። ጠላት የሀዋይን ደሴቶች ቢይዝ፣ በዚያ ያለውን ዶላር ሁሉ ወስዶ በዓለም ገበያ ሊጠቀምበት ነው። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. በጀርባው በትልልቅ ፊደል፣ በፊቱ ደግሞ ግራና ቀኝ በትንንሽ ፊደል «ሀዋይ» የሚል የታተመበት፣ ማኅተሙም ቁጥሩም ቡናማ የሆነ ልዩ ኖት አወጡ። ደሴቶቹ ቢያዙ ያ ኖት ብቻ ይሻራል። ከሕዝቡ የተሰበሰበው 200 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል የቀድሞ ኖት በሬሳ ማቃጠያና በስኳር ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።

በዚያው ዘመን በሰሜን አፍሪካ ለሚዋጉት ወታደሮች ቢጫ ማኅተም ያለበት ኖት ተሰጠ። ዓላማው ያው ነበር። ሁለቱም ዓይነቶች የአሜሪካን ገንዘብ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የተወደዱ ናቸው። ብዙ ስለተረፉ ያረጀው ባለ 1 ዶላር እንኳ ሀብታም አያደርግም፤ ግን በአሥር የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል። በ1 ዶላር መንዘሩ ኪሣራ ነው።

በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ልዩነቶች

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቁጥርና ፊደል ማንበብ ነው።

ኮከብ። ወረቀት ሲታተም ከተበላሸ ተወግዶ ሌላ ይተካል። የተተካው ኖት በቁጥሩ ላይ ኮከብ ይደረግበታል። በፌዴራል ሪዘርቭ ኖት ላይ ኮከቡ ከቁጥሩ መጨረሻ ነው፤ በሲልቨር ሰርቲፊኬትና በቀይ ማኅተም ኖት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። ኮከብ ያለበት ሁሉ ውድ አይደለም። የሚወደደው ጥቂት ከታተመበት ዙር የሆነው ነው። በቅርቡ ከታተሙት መካከል ግን አንድ የሚገርም አለ። በ2013 ተከታታይ፣ በኒውዮርክ ፊደል በ«ቢ» የሚጀምሩ ባለ ኮከብ 1 ዶላር ኖቶች፣ ከ00000001 እስከ 00250000 እና ከ03200001 እስከ 09600000 ያሉት ቁጥሮች በስህተት ሁለት ሁለት ጊዜ ታትመዋል። አንዱ ብቻውን ብዙ አያወጣም። ዋጋው ከፍ የሚለው ሁለቱ መንታዎች ሲገናኙ ነው።

ቀይ ፊደል። በ1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ማተሚያ ቤት አዲስ ዓይነት ወረቀት ሊሞክር ፈለገ። በ1935ኤ ባለ 1 ዶላር ሲልቨር ሰርቲፊኬት ላይ ለተለመደው ወረቀት ቀይ «አር»፣ ለአዲሱ ወረቀት ቀይ «ኤስ» የሚሉ የላቲን ፊደላት አተመ። ከእያንዳንዱ 1,184,000 ታተመ። ሰብሳቢዎች በደንብ ይፈልጓቸዋል። ስለዚህም ተራ የ1935ኤ ኖት ላይ ቀይ ፊደል የሚያትሙ አጭበርባሪዎች አሉ። መፍትሔው ቁጥሩን ማየት ነው። እውነተኛው «አር» በኤስ ፊደል ጀምሮ በሲ ፊደል የሚያልቅ ሆኖ ከ70884001 እስከ 72068000 ባለው ውስጥ ይገኛል። እውነተኛው «ኤስ» ደግሞ በእነዚሁ ፊደላት መካከል ከ73884001 እስከ 75068000 ነው። ቁጥሩ ከዚህ ውጭ ከሆነ ፊደሉ በኋላ የተጨመረ ነው።

በቅሎ። በኖቱ ፊት ቀኝ ታችና በጀርባው ላይ የማተሚያውን ሰሌዳ የሚያመለክት ጥቃቅን ቁጥር አለ። እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ይህ ቁጥር ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለነበር ለማንበብ ያስቸግር ነበርና አተለቁት። ያረጁት ሰሌዳዎች ግን እስኪያልቁ ድረስ በሥራ ላይ ቆዩ። ስለዚህ ፊቱ በአዲሱ፣ ጀርባው በአሮጌው ሰሌዳ የታተመ ኖት ተፈጠረ። ሰብሳቢዎች «በቅሎ» ብለው ጠሩት፤ ከአህያና ከፈረስ የተወለደ ማለታቸው ነው። በባለ 5 ዶላር ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር 637 በተለይ ይታወቃል። ትንሽ ቁጥር ያለበት ይህ ሰሌዳ ቀድሞ ተሠርቶ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከ1945 እስከ 1949 ዓ.ም. ነበር።

ሰፊና ጠባብ። በ1935ዲ ባለ 1 ዶላር ጀርባ ያለው ሥዕል ከጊዜ በኋላ ከሁለት ሚሊ ሜትር ባነሰ ጠበበ። በመስመሪያ መለካት አያስፈልግም። የጀርባው ሰሌዳ ቁጥር 5015 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰፊ፣ 5017 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጠባብ ነው። በተራው ኖት ላይ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ነው፤ በኮከቡ ላይ ግን ሊሰፋ ይችላል።

የጎደለው ጽሑፍ። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ቃል በወረቀት ዶላር ላይ የታየው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በ1935ጂ ተከታታይ መካከል ላይ ጽሑፉ ስለገባ፣ ያለውም የሌለውም አለ። ጽሑፉ ያለበት በቁጥር ያነሰ ነው።

ብርቅ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ሰው የሚታለልባቸው ናቸው።

ጆሴፍ ባር የተባሉ የገንዘብ ሚኒስትር በሥልጣን ላይ የቆዩት ከታኅሣሥ 1968 እስከ ጥር 1969 ዓ.ም. ለአንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ፊርማቸው ያለበት የ1963ቢ ባለ 1 ዶላር ሲወጣ ሕዝቡ «አንድ ወር ብቻ የታተመ ነው» እያለ በሣጥን አከማቸው። እውነቱ ሌላ ሆነ። ፊርማቸው ያለበት ኖት ከእርሳቸው በኋላም መታተሙ ስለቀጠለ ከ450 ሚሊዮን በላይ ወጣ። ዛሬ በደንብ ያላረጀው እንኳ ከዋጋው እምብዛም አይበልጥም።

ባለ 2 ዶላርም እንዲሁ ነው። በሚያዝያ 1976 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲወጣ ሰው ሁሉ «ብርቅ ነው» ብሎ ስለያዘው ገበያ ላይ ብዙ አይታይም፤ አለመታየቱ ግን ብርቅ አያደርገውም። ያገለገለ የ1976 ባለ 2 ዶላር 2 ዶላር ነው። ያረጀ የ1957 ባለ 1 ዶላር ሲልቨር ሰርቲፊኬትም ጥቂት ዶላር ብቻ ያወጣል። በእነዚህ ላይ መቶ ዶላር የሚጠይቃችሁን ሰው በአክብሮት አሰናብቱት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የ1890 ባለ 1,000 ዶላር የግምጃ ቤት ኖት አለ። በጀርባው ያሉት ዜሮዎች ሐብሐብ ስለሚመስሉ «ትልቁ ሐብሐብ» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. አንዱ በጨረታ 3.29 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንዲህ ያለው በሣጥን ሥር አይገኝም፤ ግን የንግድ ማስታወቂያዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት እርሱን ነው።

አትጠቡ፣ አትተኩሱ

በዚህ ገበያ ዋጋን የሚወስነው ብርቅነት ብቻ ሳይሆን የወረቀቱ ጤንነት ነው። ኖቶች እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይመዘናሉ፤ እጥፋት የሌለው፣ እጅ ያልነካው ከ60 በላይ ይሆናል። በአንድ ዓይነት ኖት ላይ፣ በተጨማደደውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ንጽሕና የምንወድ እናቶችና አባቶች፣ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ኖቱን በውኃ ማጠብ፣ በካውያ መተኮስ፣ የተቀደደውን በፕላስተር ማጣበቅ ዋጋውን ይገድለዋል። ሳይታጠፍ በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ብርሃንና እርጥበት በሌለበት ማስቀመጥ ይበቃል።

ስትገዙና ስትሸጡ

የአሜሪካ ወረቀት ገንዘብ የታወቀው መዝገብ በ1953 ዓ.ም. ሮበርት ፍሪድበርግ ያወጡት መጽሐፍ ነው። ነጋዴዎች ዛሬም ኖቶችን በእርሱ ቁጥር ይጠራሉ። ሻጭ የኖቱን የፍሪድበርግ ቁጥር መናገር ካልቻለ፣ ይህ ሥራው አይደለም ማለት ነው። በታወቀ መዛኝ ድርጅት ታሽጎ የመጣ ኖት ካያችሁ፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ አረጋግጡ። የሐሰት ማሸጊያም አለና።

ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በጨረታ የተከፈለውን ተመልከቱ። በኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ለ1 ዶላር 5,000 ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቅ ግብር አያስከፍልም። የምትሸጡ ከሆነ ቢያንስ ለሁለት ነጋዴዎች አሳዩ፣ የሁለቱንም ዋጋ ጻፉ፣ ኖቱንም ከፊታችሁ አታስወጡ። ነጋዴ ትርፍ ስለሚያስፈልገው ከገበያ ዋጋ በታች መስጠቱ ተገቢ ነው፤ «ዛሬ ካልሸጣችሁ ነገ አይሆንም» ብሎ ማጣደፉ ግን ተገቢ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ልጆች ይህን እንደ ሥራ ሊይዙት ይችላሉ ወይ ለሚለው፣ መልሱ በአጭሩ ደመወዝ የሚሆነው ለጥቂቶች ብቻ ነው። እነርሱም ብዙ ዓመት የተማሩና ካፒታል ያላቸው ናቸው። እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ግን ቁጥር ማንበብን፣ ታሪክንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በእጅ ያለውን ዶላር በአጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል።

ይህ ጥበብ ወደ እኛ አገርም ይደርሳል። የእስራኤል መንግሥት የመጀመሪያዎቹ የወረቀት ገንዘቦች ነፃነት ከመታወጁ በፊት በምስጢር በኒውዮርክ ባለው የአሜሪካን ባንክ ኖት ኩባንያ የታተሙ ናቸው። የአገሪቱ ስም ገና አልተወሰነምና በላያቸው የተጻፈው የአንግሎ ፓለስታይን ባንክ ስም ነበር፤ በነሐሴ 1948 ዓ.ም. ለሕዝብ ተሰጡ። እነርሱም ዛሬ በሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ።

ስለዚህ ሣጥኑን ስትከፍቱ እነዚህን በቅደም ተከተል ተመልከቱ፦ መጠኑ፣ የማኅተሙ ቀለም፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው ፊደል፣ ኮከብ፣ የፊትና የጀርባ ጥቃቅን ቁጥሮች። ማኅተሙ አረንጓዴ ከሆነ፣ ኮከብ ከሌለውና ከታጠፈ፣ በሰላም መንዝሩት። ቡናማ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ከመመንዘራችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።