በደም ሥር ስለሚደረገው የሕፃናት ልብ ሕክምና

መተማን የደጋው ሰው ይበልጡን የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር በመሆንዋ ነው። ምድሪቱ የሰሊጥና የጥጥ አገር፣ ወባና ካላዛርም የሚበዙባት ቈላ ናት። ስለዚህ በዚያ አንድ ሕፃን ቢከሳና ትንፋሽ ቢያጥረው ወባ ነው፣ ወይም እንጥሉ ወርዶ ነው ይባላል እንጂ ልቡን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እንጥሉን የሚያስቈርጡም አሉ፤ ይህም ደም ከማፍሰስ በቀር ለልብ የሚረባው የለም።

በዓለም ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 1 ያህሉ የልብ ጕድለት ይዞ እንደሚወለድ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ከብዙው አንዱን እንግለጥ። ፅንስ በሳንባው አይተነፍስምና፣ ደሙ ሳንባን ትቶ የሚያልፍበት አጭር መተላለፊያ በሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች መካከል አለው። ይህም ከልደት በኋላ በጥቂት ቀን ይዘጋል። ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ ግን ደሙ ያለ ልክ ወደ ሳንባ ይጐርፋል፤ ሕፃኑ ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ዕድገቱም ይዘገያል። በማዳመጫ ሲሰሙትም ድምፁ እንደ ወፍጮ አያቋርጥም።

ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 በቦስተን ከተማ የአንዲት ልጅ ደረት ከፍቶ ይህን መተላለፊያ በክር አሰረው። ጀርመናዊው ፖርስትማን ደግሞ ደረት ሳይከፈት መድፈን እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1967 አስታወቀ። ዛሬ ብሽሽቱ በመርፌ ይወጋና ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ እስከ ልቡ ይደርሳል፤ ሐኪሙም በራጅ እያየ ይመራዋል። ከኒኬልና ከቲታንየም ቅይጥ ሽቦ የተሠራ ትንሽ መድፈኛ በቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ያልፍና፣ ሲወጣ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ቀዳዳውን ይይዛል። ከወራት በኋላ ሥጋ ይለብሰዋል። ኹሉም ጕድለት ግን በዚህ አይድንም፤ ደረት መክፈት ግድ የሚሆንበት ብዙ ነው።

በአገራችንም ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚረዳውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋሙ። ሕፃናቱ ብዙ ዘመን ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በመጀመሪያ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች፣ በኋላም ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ሥራውን ያዙት።

እንግዲህ ጥበቡ ቀለለ፤ መንገዱ ግን አልቀለለም። ከመተማ እስከ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ከ700 በላይ ነው። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ለዓመታት የሚጐርፈውን ደም የተቀበሉት የሳንባ ደም ሥሮች እየጠነከሩ ይጠባሉ፣ ደሙም ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቀዳዳውን መድፈን ራሱ ይገድላል። በጨቅላነቱ በመርፌ ቀዳዳ ይድን የነበረው ልጅ፣ ዐሥር ዓመት አልፎት ቢመጣ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ሐኪም የማያየው ሕፃን ሞልቷል፤ ካህን የማያየው ክርስቲያን ሕፃን ግን ጥቂት ነው። ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀንዋ ራቁታቸውን ተቀብለው የሚያጠምቁ አባቶች፣ የጐድኑን መግባትና የከንፈሩን መጥቈር ከማንም በፊት ሊያዩ ይችላሉ። እናቲቱን «ሲጠባ ያልበዋልን?» ብሎ መጠየቅ ከሥርዓቱ አንዳች አያጐድልም። እስላሞቹ ጐረቤቶቻችንም ስም በሚያወጡበት ቀን ሽማግሌዎቻቸው እንዲሁ ሊጠይቁ ይችላሉ። የወረዳው ሹም በበኩሉ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር የተጻፈውን ወረቀት ይዛ ለቆመች እናት የመሳፈሪያዋን ገንዘብ ከየት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ይወስን፤ ወረቀቱ በመቀነትዋ ተቋጥሮ የሚከርመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና።