የወለቃ ሸክላዎችና ሌሎች ተሰባሪ ምስሎች

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አንድ ቤት ቡፌ ውስጥ ትንሽ ጥቁር የሸክላ አንበሳ ካለ፣ ዘሩ የሚቆጠረው ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከወለቃ ሊሆን ይችላል። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ጀበናና ድስት ይሠሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግዳ ሲበዛ ግን ትንንሽ ምስሎችን ጨመሩ፤ አንበሳ፣ ቄስ፣ አልጋ ላይ የተጋደሙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። «ቡዳ» እየተባሉ የተገፉ እጆች ይህን ያህል ውበት መሥራታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ስማቸውን ግን ሥራቸው ላይ የጻፈላቸው የለም ማለት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያውን የቀጠሉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተገዛ ምስል ዛሬ ቅርስ ነው።

እነዚህ የወለቃ ምስሎች በአብዛኛው ለሽያጭ እንጂ ለልጆች መጫወቻ የተሠሩ አይደሉም። የልጅ መጫወቻ የሚባለው እረኞች ከጭቃ የሚያበጁት በሬ ነው። እሳት ስለማይነካው የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል፤ ሰብሳቢም ብዙም አላየውም።

በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ደግሞ እኛው ራሳችን መጫወቻ ሆነን እንገኛለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የእንግሊዙ መጫወቻ አምራች ብሪቴንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞች ከቀለጠ እርሳስ ማዕድን ሠርቶ ሸጧል። የጀርመኑ ኤላስቶሊን ደግሞ ምስሎቹን የሚሠራው በሽቦ አጥንት ላይ ሰጋቱራና ሙጫ እየለጠፈ ነበር። እርጥበት ሲገባ ሽቦው ይዝጋል፣ ገላው ይሰነጠቃል። እርሳሱን የሚጎዳው ከአንዳንድ እንጨትና ካርቶን የሚወጣ አሲድ ነው፤ ነጭ ዱቄት ካወጣ መርዝ ስለሆነ ከልጆች ይራቅ።

የወለቃው ሸክላ ክፍት እሳት ላይ ስለሚተኮስ ለስላሳና ውኃ መጣጭ ነው፤ በፍጹም አይታጠብም። የበጋው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ክረምት ሲገባ እርጥብ ግድግዳ ከሚነካ መደርደሪያ ይነሳ። ሲያነሱት ከጅራቱ ወይም ከአንገቱ ሳይሆን ከሥሩ፣ በሁለት እጅ ይያዝ። የት፣ መቼ፣ ከማን እንደተገዛ በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ፤ ለእኔ ከብሩሹም የሚበልጠው ይህ ነው። ከተሰበረም በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ አይቸኮል። ሲደርቅ መልሶ ለማላቀቅ ያስቸግራል፣ ጠርዙንም ያበላሻል። ስብርባሪው አንድ ሳይጎድል በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የጥገና ባለሙያ እስኪገኝ ይቆይ።