ትራንስፎርመር ያለው ቦታ ሲገዛ ብሬከሩና ኬብሉም ይታዩ

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለእህል ወፍጮ፣ ለእንጨት ሥራ ወይም ለመስኖ የሚሆን ቦታ ሲሸጥና ሲከራይ «የራሱ ትራንስፎርመር አለው» የምትል የደላላ ቃል ዋጋ ከፍ ታደርጋለች፡፡ ገዢውም ትራንስፎርመሩን በዓይኑ አይቶ ይረካል፡፡ ከእሱ በታች ስላለው ብሬከርና ኬብል ግን ላይጠይቅ ይችላል፡፡ ሞተር የሚያቃጥለውና እሳት የሚያስነሳው ስህተት ያለው ግን እዚያ ሊሆን ይችላል፡፡

ከተማዋ ከኃይል ምንጭ ሩቅ አይደለችም፡፡ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀምሯል፡፡ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርቋል፡፡ ይሁንና ማመንጫ በቅርብ መኖሩ ብቻውን ማሽን አያሠራም፡፡ ኃይሉ በትራንስፎርመር ወደ 400 ቮልት ወርዶ ቆጣሪውን ካለፈ በኋላ እስከ ማሽኑ ያለው መስመር የባለንብረቱ ጉዳይ ነው፡፡

ሒሳቡ ከባድ አይደለም፡፡ የትራንስፎርመሩ ኬቪኤ በ1.44 ሲባዛ በ400 ቮልት በኩል የሚሰጠው አምፔር ይገኛል፡፡ በዚህ መሠረት 100 ኬቪኤ 144፣ 200 ኬቪኤ ደግሞ 288 አምፔር ይሰጣል፡፡ ዋናው ብሬከር ከዚህ ቁጥር በላይ መሞላት የለበትም፡፡ ምሰሶው ላይ ያለው ፊውዝ ይበቃል ማለትም ስህተት ነው፡፡ የእሱ ሥራ ከባድ ብልሽት ሲደርስ ትራንስፎርመሩን ከመስመር መነጠል እንጂ በግቢው ውስጥ ያለውን ኬብል መጠበቅ አይደለም፡፡

የብሬከር የመጀመሪያ ሥራ ኬብሉን መጠበቅ ነው፡፡ ስለዚህ የጭነቱ አምፔር ከብሬከሩ፣ የብሬከሩ አምፔርም ከኬብሉ አቅም መብለጥ የለበትም፡፡ ብሬከሩ እየዘለለ ሲያስቸግር ኬብሉን ሳይነኩ ትልቅ ብሬከር መቀየር ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ ብሬከሩ ዝም ሲል ኬብሉ ይግላል፡፡

የኬብሉም አቅም በውፍረቱ ብቻ አይወሰንም፡፡ 150 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ በፒቪሲ የተሸፈነ የመዳብ ኬብል ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሲዘረጋ ወደ 320 አምፔር፣ በቱቦ ውስጥ ሲቀበር ግን ወደ 220 አምፔር ብቻ ይሸከማል፡፡ ለ200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር የመጀመሪያው ሲበቃ ሁለተኛው አይበቃም፡፡

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ብሬከሩ ሾርት ሲፈጠር የመቁረጥ አቅሙ ነው፡፡ ውስጣዊ መከላከያው 4 በመቶ የሆነ የ200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በራሱ መውጫ ላይ ሾርት ቢፈጠር ወደ 7,200 አምፔር ሊለቅ ይችላል፡፡ በገበያ ላይ «6000» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ብሬከር ይህን ለመቁረጥ አልተሠራም፡፡ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ባለው ፓኔል ላይ ቢያንስ 10 ኪሎ አምፔር የሚቆርጥ ያስፈልጋል፡፡

በሐይቁ ዳርቻ ርቀትም ዋጋ ያስከፍላል፡፡ ትራንስፎርመሩ መንገድ ዳር ቆሞ 30 ኪሎ ዋት የሆነ የውኃ ፓምፕ 200 ሜትር ርቆ ውኃው ዳር ቢተከል ሞተሩ ወደ 55 አምፔር ይወስዳል፡፡ ባለ 16 ካሬ ኬብል ይህን አምፔር ቢሸከምም በመንገድ ላይ ወደ 23 ቮልት ይጠፋል፡፡ በ35 ካሬ ግን የሚጠፋው ወደ 11 ቮልት ይወርዳል፡፡ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው 6 እጥፍ ገደማ ስለሚስብ በቀጭኑ ኬብል ጨርሶ ላይነሳ ወይም እየጋለ ሊቃጠል ይችላል፡፡ በኬብል የተቆጠበው ገንዘብ በሞተር ጥገና ይወጣል ማለት ነው፡፡

እርጥበት ባለበት፣ በተለይም ሰው በባዶ እግሩ በሚሄድበት የመዝናኛ ስፍራና የጀልባ መቆሚያ፣ ከተራው ብሬከር ሌላ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያና አስተማማኝ የምድር ሽቦ ግዴታ ናቸው፡፡ ተራ ብሬከር ሰው ሲያዝ ላይቆርጥ ይችላልና፡፡

ከፍታም ይታሰብ፡፡ ትራንስፎርመሮች በመደበኛው ደረጃ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፡፡ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በሳህኑ ላይ የተጻፈውን ኬቪኤ እስከ ጥግ መጫን አይመከርም፡፡

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈል በፊት አራት ጥያቄዎች ይቅደሙ፡፡ ትራንስፎርመሩ ስንት ኬቪኤ ነው? ዋናው ብሬከር ስንት አምፔር ላይ ተሞልቷል፣ የመቁረጥ አቅሙስ? ኬብሉ ስንት ካሬ ነው፣ ተቀብሯል ወይስ በአየር ላይ ነው? እስከ ማሽኑስ ስንት ሜትር ይርቃል? መልሱን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ያዋጣል፡፡ አራቱም ካልተመለሱ «ትራንስፎርመር አለው» በሚል የተጨመረው ዋጋ ገና ለድርድር ክፍት ነው፡፡