የበየነ መረብ ግንኙነትን የሚጠብቀው ባለ 77 አሃዝ ቁጥር

ተገልጋዮች በበየነ መረብ ማመልከቻ ሲሞሉ፣ ሰነድ ሲያያይዙ ወይም ክፍያ ሲፈጽሙ መረጃቸው በሌላ ሰው እንዳይነበብ ተመስጥሮ ይተላለፋል። በርካታ ድረ ገጾች ለዚህ ጥበቃ የሚጠቀሙበት ስሌት በአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ላይ የተመሠረተ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው 255 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ ላይ 19 ሲቀነስ ነው። ሲጻፍ 77 አሃዞች ያሉት ሲሆን በ578 ጀምሮ በ949 ያበቃል።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። የዚህ ባሕርይ ጥቅም በሰዓት አቆጣጠር በቀላሉ ይታያል። ከ10 ሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ቢቆይ 15 ሳይሆን 3 ሰዓት ይባላል፤ 12 ሲሞላ ቆጠራው እንደገና ይጀምራልና። በዚህ አቆጣጠር 3 በ4 ሲባዛ 12፣ ማለትም 0 ይሆናል። ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ ስለሚሰጡ በማካፈል ወደ መነሻው መመለስ አይቻልም። ዙሩ 13 ቢሆን ግን ይህ ችግር አይከሰትም። 3 በ9 ሲባዛ 27 ይሆናል፤ ሁለት ዙር፣ ማለትም 26፣ ሲቀነስ 1 ይቀራል። በመሆኑም በ3 ለማካፈል በ9 ማባዛት ይበቃል። 13 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከዜሮ በስተቀር እያንዳንዱ ቁጥር እንዲህ ያለ ጥንድ አለው። የባለ 77 አሃዙ ቁጥር ሥራም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ዙሩ እጅግ ሰፊ መሆኑ ነው።

19 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። 1 ቢቀነስ ውጤቱ ለ7፣ 3 ቢቀነስ ለ5፣ 5 ቢቀነስ ለ3 ይካፈላል፤ እስከ 18 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጥ የለም። ከዚህም ሌላ ኮምፒውተር የሚያሰላው በሁለት ብዜት በመሆኑ፣ ከዙሩ ያለፈውን ክፍል በ19 አባዝቶ መደመር ረጅሙን ማካፈል ያስቀርለታል። ይህን ቁጥር መሠረት ያደረገውን ስልት የሒሳብና የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመውታል።

ቁጥሩ ራሱ ምስጢር አይደለም። ምስጢሩ የተገልጋዩ ስልክና ድረ ገጹ በየፊናቸው የሚመርጧቸው ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱም በዙሩ ውስጥ አስልተው ውጤቱን በግልጽ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ብቻ ወደሚያውቁት የጋራ ቁልፍ ይደርሳሉ። ከውጤቱ ተነሥቶ የተመረጠውን ቁጥር ማግኘት በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች አቅም የሚሞከር አይደለም።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ መድረሻውን አይደለም። ሐሰተኛ ድረ ገጽም በዚሁ ቁጥር ሊመሰጥር ይችላል፤ በስልክ ለጠየቀ ሰው የተነገረ የይለፍ ቁጥርንም ይህ ጥበቃ አያስመልስም። ስለዚህ ተገልጋዮች ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።