ተጨማሪ መረጃ፦ ሥሩን የያዘ ቅርንጫፉን አያጣም

ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የእንግሊዝኛን ቃላት ከነትርጉማቸው በደብተሩ ደርድሮ ሌት ተቀን ቢያነበንብም፣ ቃላቱ ሥር እንደሌለው ተክል ጠውልገው ከኅሊናው ቶሎ የሚረግፉት፣ እያንዳንዱን ቃል ከዘመዶቹ ነጥሎ ስለሚያጠና ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግን አንዱን ግሥ ከነእርባታው ስለሚይዝ፣ በአንድ ድካም ብዙ ፍሬ ይሰበስባል።

እንግሊዝኛም ከጽርእ (ከግሪክ) እና ከሮማይስጥ (ከላቲን) እጅግ ብዙ ቃል የወረሰ ልሳን ነውና፣ ይኸው ጥበብ ይሠራበታል። ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያን «ኤጲስ ቆጶስ» የምንለው የማዕርግ ስም ከጽርእ የመጣ ሲሆን፣ «ኤጲ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች ማለት ስለ ሆነ፣ ትርጓሜው በላይ ሆኖ የሚጠብቅ ነው፤ እንግሊዞች «ቢሾፕ» የሚሉትም ይኸንኑ ቃል በዘመን ብዛት ለውጠው ነው። ሩቁን የሚያቀርበው «ቴሌስኮፕ» እና ረቂቁን የሚያጎላው «ማይክሮስኮፕ» ከዚሁ ከማየት ሥር የበቀሉ ናቸው። እንዲሁም ከሮማይስጡ «ስፔክት»፣ ማለት ከመመልከት፣ መመርመር የተባለው «ኢንስፔክት»፣ ተመልካች የተባለው «ስፔክቴተር»፣ ወደ ኋላ መመልከት የተባለው «ሪትሮስፔክት» ተገኝተዋል።

ሆኖም ሥር ብቻውን አያድንም፤ «ኢንቪዚብል» የማይታይ ማለት ስለ ሆነ «ኢንፍላመብል» የማይቃጠል ይመስላል፣ ፍቺው ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ አስተዋይ ተፈታኝ በሥሩ የገመተውን ትርጓሜ፣ ቃሉ በገባበት ዐረፍተ ነገር ሳይመረምር መልስ አይመርጥም።