ከድሮኑ ሥር የቆመው ሰው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2015 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ዋሽንግተን ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ግቢው ተዘጋ፣ ወሬው ዓለምን ዞረ። የማን እንደሆነ የታወቀው ግን ጠዋት አብራሪው ራሱ ሲደውል ነው። ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ፣ መጠጥ ቀማምሶ፣ የጓደኛውን ድሮን ሲያበርር አመለጠው። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክስ አልመሠረተበትም።

ያኔ ድሮን ታርጋ አልነበረውም። አሁን አለው፤ ሪሞት አይዲ ይባላል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከማርች 16 ቀን 2024 ጀምሮ ያስከብረዋል። ድሮኑ አየር ላይ እስካለ ድረስ መለያ ቁጥሩን፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን ሲለፍፍ ይውላል። አልፎም ብዙዎቹ አዲስ ድሮኖች ሪሞቱን የያዘው ሰው የቆመበትን ቦታ ሳይቀር ይናገራሉ። ይህን መልእክት ማንም በስልኩ መቀበል ይችላል። ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ፖሊስ ሲጠይቀውም ይነግረዋል።

የመዝናኛ አብራሪ ግዴታዎች ያን ያህል አይከብዱም። 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ድሮን ይመዘገባል፤ ክፍያው ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው። ቁጥሩ ከውጭ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል፤ ባትሪው ሥር መደበቅ ቀርቷል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ነጻ ፈተና አለ፣ የምስክር ወረቀቱን መያዝ ያስፈልጋል። ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም፤ ከዓይንም አይሰወርም። 249 ግራም የሚመዝነውን ገዝተው ከሕግ ያመለጡ የሚመስላቸው አሉ። የቀረላቸው ምዝገባውና ታርጋው ብቻ ነው፤ ትልቁን ባትሪ ሲሰኩበት ደግሞ ሚዛኑ ያልፍና እሱም ይመለስባቸዋል።

የኛን ሰው የሚያጠምደው ሌላ ነገር ነው፦ «መዝናኛ» የሚለው ቃል። ሠርግ በክፍያ የሚቀርጽ ሰው እየተዝናና አይደለም፤ ለሥራ የማብረር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና 175 ዶላር ከፍሎ መፈተን አለበት። ይህስ ይገባል። ግን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለማኅበር በነጻ፣ ለበረከት ብሎ የሚቀርጸውም ቢሆን በሕጉ ዓይን እንደ መዝናኛ አብራሪ አይታይም። መለኪያው ገንዘብ ሳይሆን የበረራው ዓላማ ነው። ከሕጉ ሁሉ ለሰው ማስረዳት የሚከብደኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ ቦታ ይመጣል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ወዲህ ከአገሪቱ ሁሉ ጥብቅ የሆነው ሰማይ ነው። ሬገን አውሮፕላን ማረፊያን መሐል አድርገው ሁለት ቀለበት ያስቡ። እስከ 15 ማይል ባለው ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ድሮን አይነሣም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው፤ የራስ ጓሮም ቢሆን። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ደንቡን አክብሮ ማብረር ይቻላል። ፍሬድሪክ ድረስ የነዳ ከቀለበቶቹ ይወጣል።

ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት የሊንከን መታሰቢያ ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው። አገልግሎቱ ከ2014 ጀምሮ በግዛቱ ድሮን ማስነሣትም፣ ማሳረፍም፣ ማብረርም ከልክሏል፤ ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራትና 5,000 ዶላር ይደርሳል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መታሰቢያው ፊት ባለው ኩሬ ዳር ቆሜ የአንድ ሠርግ ካሜራማን ከቦርሳው ድሮን ሲያወጣ አየሁ። አራቱን ክንዶች ዘረጋጋ፣ ባትሪውን ቀጭ አደረገ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። የሙሽራዋ አክስት «ልጄ፣ ይሄ አይከለከልም?» አሉት። «እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ነው» አላቸው። ፕሮፔለሩ ሳይዞር ፖሊስ ደረሰ። ሚዜዎቹ ቬሎውን እንደያዙ ቀሩ። ዕቃውን እንዲሰበስብ ተነግሮት በምክር ታለፈ፤ ዕድለኛ ነው።

ፖሊስ ብዙውን ጊዜ ድሮን ላይ አይተኩስም። በአሜሪካ ሕግ ድሮን አውሮፕላን ነው፤ ሥልጣን ሳይሰጡት መትቶ መጣል የፌዴራል ወንጀል ነው። ግቢዬ ላይ በረረብኝ ብሎ ጠመንጃ ያነሣ ጎረቤትም ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፖሊሱ የሚፈልገው ሪሞት ይዞ ሽቅብ የሚያንጋጥጠውን ሰው ነው። ያገኘው ዕለት የምዝገባና የፈተና ወረቀቱን ይጠይቀዋል።

ክፉው ሲመጣ ግን ምክር የለም። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትነድ አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ድሮን አስነሥቶ ወደ እሳቱ ላከው። 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ከካናዳ ለእርዳታ የመጣ እሳት አጥፊ አውሮፕላንም መታ። የአውሮፕላኑ ግራ ክንፍ ተበሳ። በሰላም አረፈ፣ ነገር ግን ከተማዋ እየነደደች ለጥገና ቆመ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ከ65,000 ዶላር በላይ የሆነውን የጥገና ወጪ ለመክፈል ተስማማ። በ2024 ከወጣው ሕግ ወዲህ ደግሞ የአቪዬሽን አስተዳደሩ ራሱ ለአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር መቅጣት ይችላል።

ከዋይት ሐውሱ ውድቀት በኋላ ዲጄአይ የተባለው የቻይና አምራች ድሮኖቹ ዋሽንግተን ላይ ጭራሽ እንዳይነሡ በሶፍትዌር ቆልፎ ነበር። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቁልፉን አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። «አይቻል ቢሆን መቼ ይነሣ ነበር» የሚለው ማመካኛ አብሮ ቀርቷል።

ለበዓል ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ አንድ ቃል ልጨምር። የአሜሪካ ምዝገባ ቦሌ ላይ አይሠራም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትም ማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ፈቃዱን አስቀድመው ካላገኙ ድሮኑን ቤት ትተውት ይሂዱ።